በሰዓት የሚከፈለው አስተማሪ

መቂ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሀምዱ፣ ቡሬ

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሰላምታዬ ይድረስ። ደብዳቤዎን ሾፌርዎ ባምላኩ በርበሬዎን አዲስ አበባ አራግፎ ሽንኩርት ሊጭን ወደ መቂ ሲወርድ በእጄ ሰጠኝ። ለጤንነቴ አንድ መስመር፣ ለእንጀራዬ ሁለት ገጽ ጠይቀውኛል። አልተቀየምኩም። ልጅዎን ናጂሃን አውሮፕላን እንዳስተምራት አደራ የሰጡት ለማያውቁት ሰው ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልመልስልዎ። አዎ፣ የበረራ አስተማሪ የሚከፈለው በሰዓት ነው። ማሠልጠኛው በየወሩ የሚሰጠኝ ለቤት ኪራይ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ የተረፈው ኑሮዬ ሁሉ ሞተሩ በዞረ ልክ ነው። ነፋስ ከበረታ ሞተር አይነሳም፤ እኔም ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰማዩ ይዘጋል። ያን ጊዜ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ እያስጠናሁ እከርማለሁ። አብዛኞቻችን እዚህ የምናስተምረው የበረራ ሰዓት አጠራቅመን ትልቅ አየር መንገድ ለመግባት ነው። እኔም አንዱ ነኝ።

«ልጄ በዘገየች ቁጥር እርስዎ ይጠቀማሉ ወይ?» ላሉኝ፣ አዎ፣ እጠቀማለሁ። ክፍያ አገኛለሁ፤ ሰዓትም ይቆጠርልኛል። ተማሪዬ ብቻውን የሚበርበት ቀን ሲደርስ ግን ከአውሮፕላኑ ወርጄ ሜዳው ዳር እቆማለሁ፤ ለዚያ ማንም አይከፍለኝም። ልዋሽዎት አልፈልግም።

ባምላኩ አጥሩ ሥር ቆሞ ያየውም እውነት ነው። አውሮፕላኑ ይወርዳል፣ መሬት ይነካል፣ ሳይቆም ተመልሶ ይነሳል። «ባጃጅ ነጂ እንግዳ ሰው ሲያገኝ አንዱን አደባባይ እያዞረ መንገዱ ሩቅ ነው እንደሚለው» ብለው የጻፉት አስቆኛል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ መነሳት ማንም ይነሳል፤ ጭንቁ ተመልሶ ማሳረፉ ላይ ነው። ማሳረፍን ቶሎ ቶሎ እንድትለማመድ ነው የምናዞራት።

እስካሁን ለምን ብቻዋን አልበረረችም ላሉኝ ገና ናት ከማለት በቀር አሁን የምጨምረው የለኝም። ክረምት ሳይገባ ብቻዋን ካልበረረች ማሠልጠኛው እንደሚያሰናብታት ግን ማወቅ አለብዎ። በስልክ እንዳልደውል ያዘዙኝን አከብራለሁ፤ ኔትወርኩም እናንተ ዘንድ መጣ ሄደ ነው። መጻጻፋችንን ናጂሃ አታውቅም።

አክባሪዎ
ክንፈሚካኤል ዘሩ


ቡሬ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር ክንፈሚካኤል

እንደምን ሰነበትህ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው «እርስዎ» ብዬህ ነበር። አሁን ግን እናትህን አይቻለሁና አንተ ልልህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጻፍኸው። በበርበሬ ገበያ «ይቺ ዛላ ጥቂት እርጥበት አላት» ብሎ ራሱ የሚነግርህ ሻጭ አለ። ሌላው ገዢ «እንዴት ያለ ሐቀኛ ነው!» ይላል። እኔ ግን ውሃ አርከፍክፎ ከሚክደው ይልቅ ያንን ሰው ነው የምፈራ። ጥቂቷን የሚነግርህ ብዙውን እንዳትፈልግ ነው። አንተም «አዎ፣ እጠቀማለሁ» ስትለኝ ደብዳቤውን አጥፌ ጆንያውን እስከ ሥሩ ልፈትሽ ተነሳሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል።

የአባትህን ስም ሳይ፣ በደምበጫ የሰማሁት ስም ነበርና ከዚያ ወገን መሆንህን ጠርጥሬ በርበሬ ልገዛ በሄድሁበት ጠየቅሁ። የዘሩን ቤት አሳዩኝ። እናትህ እትዬ ታንጉት፣ ጠላ አልጠጣም ብላቸው ወተት አምጥተው አስተናገዱኝ፤ ደግ ሴት ናቸው። «ልጅዎ ምን ይሠራል?» አልኋቸው። «መቂ ሒሳብ ያስተምራል» አሉኝ። ደገምሁና «ሒሳብ ብቻ?» አልሁ። «ኧረ ሌላም ሳያስተምር አይቀርም፤ ጎበዝ እኮ ነው» አሉ። ሰማይ ላይ እንደምትውል አያውቁም!

አልነገርኋቸውም፤ የሰው ቤት አላፈርስም። ነገር ግን መንገዱን ሁሉ ሳስበው ነው የመጣሁ። እንጀራውን ከወለደችው የሚደብቅ ሰው ከእኔ ምን አይደብቅም?

ሁለተኛ፣ ቸኩሎ አስቸኮለኝ ብለህ እንዳታማኝ ምክንያቴን ልንገርህ። ናጂሃ ለፍኖተ ሰላሙ ጨርቅ ነጋዴ ለሙሐመድአሚን ልጅ ለማህዲ ታጭታለች። ባለፈው ዓመት ፋቲሓ ቀርተን፣ ዱዓ አድርገን ቃል ተሳስረናል። ቀጠሮውን ያበጀሁት እኔ ነኝ፦ የጀመረችውን ፍሬ ሳታይ አልድራትም፤ ብቻዋን በበረረች ሰሞን ትመጣና ኒካሁ ይታሰራል። ከዚያ ወዲያ ማህዲ ቢፈቅድ ትቀጥላለች፤ ባይፈቅድም አንድ ቀን ብቻዬን በርሬ ነበር ብላ ለልጆቿ ታወራለች። ፍትሐዊ አይደለም? ሙሐመድአሚን ግን በገበያ መሐል «ልጅቱ በረረች?» እያለ ይጠይቀኛል፤ ሰው ይስቃል። አንተ አደባባዩን ባዞርሃት ቁጥር የሚሳቀው በእኔ ነው።

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። የእኔ ደጅ ያ እንዳይመስልህ።

ሀምዱ


መቂ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ሀምዱ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴን ስላላስደነገጡብኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሷ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችውን አስቀምጣ የምታማትብ ሴት ናት። ልጇ በየቀኑ እዚያ ላይ መሆኑን ብታውቅ መቼ እህል ይወርድላታል? ሒሳቡን ክረምት ክረምት አስተምራለሁ፤ የነገርኳት ግማሹን ነው። ግማሹን መንገር ምን እንደሚመስልዎ ባለፈው ጽፈውልኛልና አልከራከርዎትም።

ስለ ማህዲ አላውቅም ነበር። ናጂሃ አልነገረችኝም።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ማየት ያለብኝ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አሁን አልጽፍልዎትም፤ ቀን ቁረጥልኝም አይበሉኝ። እየጾመች ስለሆነ አብረን የምንበረው ማለዳ ማለዳ፣ ጉልበቷ ሳይደክም ነው።

ለኢድ ለምን እንደማትመጣ በባምላኩ በኩል በቃል የጠየቁኝን እሷን ይጠይቋት።

ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክንፈሚካኤል፣

ኢዱ አለፈ። ናጂሃ አልመጣችም። እናቷ ራጂያ የልጇን ድርሻ አስቀምጣ፣ በሦስተኛው ቀን ለጎረቤት ልጆች ሰጠችው። ስልኩ ሠርቶ ሳገኛት «ትምህርት ነው አባ» አለችኝ። በኢድ ቀን አገር ሁሉ ዝግ ነው፤ እናንተ ዘንድ ብቻ ሞተር ይዞራል?

አሁን ያንተን ሁለት ደብዳቤ ጎን ለጎን አኑሬ አየሁ። ስለ ገንዘብ ስጠይቅህ በሰፊው ጻፍህልኝ። የእጮኛዋን ስም ስነግርህ ግን ደብዳቤህ እንደ ክር ቀጠነ። ወንድ ልጅ የአንዲትን ልጅ እጮኛ ስም ሲሰማ ቃል የሚያጥረው ለምንድን ነው? እኔም ጎረምሳ ነበርሁ። ትከሻ ለትከሻ በሚነካካ ጠባብ ነገር ውስጥ ከልጄ ጋር ትውላለህ፤ ጾሟን ታውቃለህ፤ ሲደክማት ታውቃለህ። ራጂያ «ልጄን በአፍህ አታርክሳት» ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ልጄን አልጠረጠርሁም። የጠረጠርሁት አንተን ነው።

እንግዲህ እንደ ነጋዴ እንነጋገር። በእኛ ገበያ ደላላ ሲያጓትት መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ድለላውን ሙሉውን አስቀድመህ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ወዲያ ለምን ብሎ ያጓትታል? ባምላኩ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይሰጥሃል። እሷ ብቻዋን በበረረች ጊዜ የሚቀርብህን የሰዓት ክፍያ ሁሉ ይሸፍናል፤ ይተርፋልም። ተቀበልና ልቀቃት።

ብትመልሰው ግን የያዝሃት ለገንዘብ አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ በባምላኩ መኪና ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ የምመጣውም ለሽንኩርት አይደለም።

ሀምዱ


መቂ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ሀምዱ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ፋሲካን እዚሁ ዋልኩ፤ ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ዶሮው አልጣመኝም።

ቋጠሮዎን ሳልፈታው ለባምላኩ መልሻለሁ። ብወስደው ሌባ፣ ብመልሰው የልጅዎ ወዳጅ የምሆንበት ሚዛን ላይ አስቀምጠውኛል። ይሁን። ለመምጣት ከቆረጡም ይምጡ፤ አጥሩ አጠገብ ሻይ ቤት አለ፣ እዚያ ያገኙኛል።

ነገር ግን ምን እንዳደረጉ ልንገርዎ። በእናንተ ገበያ ድለላ ሲከፈል ዕቃው ያው ዕቃ ነው። እዚህ ግን የሚሸጠው የእኔ ዓይን ነው። «አሁን በቃች፣ ብቻዋን ትሂድ» የምለው በዓይኔ አይቼ ነው። ቋጠሮው ከመጣ በኋላ አውሮፕላኑን ደህና ስታሳርፍ ልቤ «በቃች ያሰኘህ የአባቷ ገንዘብ ነው» አለኝ። ስታበላሽ ደግሞ «ገና ናት የምትለው ለእልህ ነው» አለኝ። በዚህ ዓይን የሰው ልጅ ሰማይ ላይ አልልክም። ስለዚህ ናጂሃን ለሥራ ባልደረባዬ ለህይወት አስረክቤያለሁ። ህይወት እኔን ራሴን ያስተማረች ሴት ናት። ከእንግዲህ ልጅዎ ከምትበርበት ሰዓት ለእኔ የሚደርስ ሳንቲም የለም፤ ይህን ጥርጣሬዎን ቢያንስ ይቀንሱልኝ።

አሁን እስካሁን ያልጻፍኩልዎትን ልጻፍ። ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።

ናጂሃ አውሮፕላን ማሳረፍ ትችላለች። ከብዙዎቹ ተማሪዎቼ ትሻላለች። «ዛሬ እንዲሁ ልምምድ ነው» ካልኳት መሬቱ መነካቱን ሳላውቀው ታሳርፈዋለች። «ነገ ብቻሽን ትሄጃለሽ» ያልኳት ዕለት ግን መሬት ላይ እንደ ኳስ ታነጥረዋለች። መጀመሪያ ፍርሃት መሰለኝ። የፈራ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የእሷ እጅ አይንቀጠቀጥም። የእርስዎ ደብዳቤ መጥቶ ስለ ማህዲና ስለ ቀጠሮው ሳነብ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ያን ሰሞን ደብዳቤዬ የቀጠነው ለዚህ ነበር። እርግጠኛ እስክሆን ደጋግሜ አየሁ። ሁልጊዜም ያው ነው።

ጠየቅኳት። መጻጻፋችንን ያን ጊዜ አወቀች፤ የመለሰችልኝም «እባክህ ለአባቴ አትጻፍ» ብላ ብቻ ነው። ስለዚህ አልጻፍኩም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሆን ብላ ያነጠረችው አውሮፕላን ጎማው ፈንድቶ ከመንገዱ ወጣና ሣር ውስጥ ቆመ። ህይወት አብራት ነበረች። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ናጂሃ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ተጭራለች። ይህን የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ከመንገርዎ በፊት ስምንት ቀን ፈርቻለሁ።

አያ ሀምዱ፣ ካልበረረች በሰኔ ትባረራለች። ከበረረች ደግሞ እርስዎ ዘንድ የሚጠብቃትን እርስዎ ያውቃሉ። ልጅቱ ከሁለቱ መሐል አውሮፕላን ስትሰብር መኖርን መርጣለች። ቀጠሮውን ያበጁት እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ ሌላ የሚፈታው የለም።

ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ክንፈሚካኤል፣

በባምላኩ እጅ በላክኸው ብጣሽ ወረቀት ለምን ዝም አሉ ብለሃል። እውነቱን ልንገርህ፤ አላመንሁህም ነበር። መጀመሪያ አንተ የፈጠርኸው ተረት ነው አልሁ። ቀጥዬ ያቺ ህይወት የምትባለዋን ጠረጠርሁ። ቀጥዬ ባምላኩን፣ ከአንተ ጋር ሻይ ስለጠጣ። ጎማው ፈነዳ ያልኸውን ግን የሚፈጥር ሰው የለም።

በመጨረሻ ለራጂያ አነበብሁላት። በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። አንገቷን ቀና አላደረገችም። «ታውቂ ነበር?» አልኋት። «አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝና ዛላዋን ቀጠለች። እጇ ብቻ ፈጠነ።

ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ሙሐመድአሚን ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ሰው እስኪወጣ አልጠበቅሁም፣ ብጠብቅ እመለስ ነበር። «ቃሌን ልመልስ መጣሁ» አልሁት። ሜትሩን አስቀመጠ። በሠላሳ ዓመት ንግድ ከአፌ የወጣ ቃል ታጥፎ እንደማያውቅ እሱ ያውቃል፤ እኔም በዚሁ ነው የምኮራ። «ሀምዱ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የሚባል» አለኝ፣ ደንበኛው እየሰማ። እኔ በዚህ ተረት ስንቱን ሰው ገሥጫለሁ! «እንግዲያው የተናገርሁት ይጥፋ» አልሁት።

እጁን አልሰጠኝም። በማግስቱ ገበያው ሁሉ ሰምቶታል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ገበሬ፣ በፊት በቃሌ ብቻ ጆንያ ይለቅልኝ የነበረ፣ «ምስክር ይኑር አያ ሀምዱ» አለኝ። ምስክር አቆምሁለት። ምን ልበል? ጎኔን ወጋኝ፤ ግን እውነቱን ነው።

ማህዲ ባጃጅ እስክይዝ ሸኘኝ። «እኔንም እኮ የጠየቀኝ የለም» አለኝ። ከአባቱ የተሻለ ልጅ ነው።

ለናጂሃ በዚሁ መኪና ለብቻው የታሸገ ወረቀት ልኬላታለሁ። የእሷ ነው፤ አንተ አታነበውም። አንተን በክፉ ስላሰብሁህ ግን ይቅር በለኝ። የልጄን ክብር ጠብቀህ የእኔን ስድብ ተሸክመሃል።

ሀምዱ


መቂ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ሀምዱ

የምሥራች!

ናጂሃ ዛሬ ማለዳ ብቻዋን በረረች። እኔ አስተማሪዋ አይደለሁምና ከአጥሩ ውጭ፣ ከሻይ ቤቱ ሰዎች ጋር ቆሜ አየሁ። ህይወት አስቀድማ አልነገረቻትም። ሁለት ጊዜ አብረው ዞሩ፤ ከዚያ ህይወት በሩን ከፍታ ወረደች፣ መልሳ ዘጋችውና ዞር ሳትል ሄደች። አውሮፕላኑ ለአፍታ እንዳለ ቆመ። እኔ መጸለይ ጀመርኩ፤ የተማሪ ብቻውን መሄድ አዲሴ ባይሆንም ጸለይኩ።

ተነሳች፣ ዞረች፣ አሳረፈች። አላነጠረችም።

ወደ ግቢው ገባሁ፤ መጀመሪያ ብቻውን የበረረ ላይ ውሃ የመድፋት ደንብ አለና ተማሪዎቹ ጀሪካን ይዘው ሲጠብቋት እሷ ወደ ማንም ሳትመጣ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄዳ ተቀመጠች። ህይወት «ብቻዋን ተዉአት» አለችን። ቆይታ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል። ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ባምላኩ መቼ ነው የሚመለሰው? ለአረፋ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ይህ ደብዳቤ ከእሷ ጋር ነው የሚደርስዎ።

ክንፈሚካኤል


ቡሬ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ክንፈሚካኤል፣

ገባች። በሽንኩርት ጆንያ መሐል ተቀምጣ፣ አቧራ ለብሳ፣ በአረፋ ዋዜማ ገባች። ራጂያ እልል አለች። እኔ በጉን ልይ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድሁ።

በዓሉ አልፎ እንግዳው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ትናንት ሱቅ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆንን። «ማህዲን ይህን ያህል ጠልተሽው ነበር?» አልኋት።

«ማህዲ ምን አደረገኝ አባ? አላውቀውም።»

«ታዲያ ምነው አልፈልግም ብለሽ ሁለት መስመር ብትጽፊልኝ? ጎማ ከሚፈነዳ፣ ከምትሞቺ!»

ሚዛኑ ላይ የቀረውን የበርበሬ ፍሬ በጣቷ ሰበሰበች። ከንፈሯ ላይ ጠባሳው ይታያል። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ብጽፍልዎ ኖሮ፣ ማን አስጻፈሽ ይሉኝ ነበር» አለችኝ።

ልክ ናት፤ እላት ነበር።

ሀምዱ